ጭቃ ላይ የቀረው ሰርጓጅ መርከብና የእናቴ የጸሎት ርዕስ

ረቡዕ ጠዋት ከኬንቲሽ ታውን የተነሳሁት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ፎቶግራፍ ለማንሳት ነው። ካምደን በምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ አልዋሸሁም። እናቴን ደግሞ መዋሸት የሚሞከር ነገር አይደለም። እሷ መጠየቅ ከጀመረች ዐቃቤ ሕግ ናት፤ የበሉትን ሳይቀር ታናዝዛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኢዮብ መርከበኛ ነው። ባሕር የሌላት አገር ልጅ እንዴት መርከበኛ ይሆናል ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው፤ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ተምሮ። አሁን የሰው አገር ባንዲራ በሰቀለ ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ የሞተር መሐንዲስ ነው። የመርከቡን ስም እዚህ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ወረድ ብላችሁ ስታነቡ ትረዱኛላችሁ።

እሑድ ዕለት የድምፅ መልእክት ላከልኝ።

«ሜሪ፣ ወደ ቀይ ባሕር እየተጠጋን ነው። ከነገ ጀምሮ መርከቧ ያለችበትን የሚናገረውን መሣሪያ ስለምናጠፋ ካርታው ላይ ብታጪኝ እንዳትደነግጪ። ባብ ኤል መንደብን የምናልፈው ሐሙስ ማታ ይመስለኛል። ስልክም አይኖርም። ለእማዬ በመጠኑ ንገሪያት። ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ተማሪ እያለን አስተማሪያችን ጭቃ ላይ የቀረ የጀርመን ሰርጓጅ ፎቶ ያሳየን ነበር። ለካ እናንተው ጋ ነው፣ ከለንደን በባቡር የሚደረስበት! ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረሽ አላየሽውም? ሄደሽ አንሺልኝ። ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ይሁን።»

እንቅልፍ የነሳችኝ «ስወጣ» የምትለዋ ቃል ናት። በዚያ ባሕር ላይ የንግድ መርከቦች በሚሳይል እንደሚመቱ ዜና የሚሰማ ሁሉ ያውቃል። ስልኬ ላይ መርከቦችን በትናንሽ ቀስት የሚያሳይ አፕ አለኝ። ሰኞ የኢዮብ ቀስት ባለችበት ቆመች። እየከፈትኩ አያለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ። እናቴ ከጀርባዬ ቆማ «የት ደረሰ?» ትለኛለች። ይቺ ጥያቄ የእናቴ ሰላምታ ናት። ኢዮብ ልጅ ሆኖ ጥግ ያለው ሱቅ ስኳር ሲላክ እንኳ በመስኮት ብቅ ብላ «የት ደረስክ?» ትለው ነበር፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ከውቅያኖስ መካከል ሲደውልም ከ«ደህና ነህ» በፊት የምትመጣው እሷው ናት።

ቤት ቁጭ ብዬ የቆመች ቀስት ከማይ ብዬ ተነሳሁ። ጋሽ ወርቅነህ አብረውኝ ሊሄዱ ተስማሙ። ስትሪትሃም የሚኖሩ የቤተሰባችን ወዳጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል፣ ጡረታ እስኪወጡ ደግሞ እዚህ ለንደን አውቶቡስ ነድተዋል። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ወሬ አያልቅባቸውም።

ታወር ሂል

የተቀጣጠርነው ታወር ሂል ባቡር ጣቢያ በር ላይ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ የሸራ ቦርሳ አንጠልጥለው ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ካፊያው ጃንጥላ የማያስይዝ ግን ፀጉር የሚያበሰብስ ዓይነት ነው። ከአንዲት ኪዮስክ ሁለት ሻይ ገዛሁ። ሰባት ፓውንድ ሲሉኝ ጋሽ ወርቅነህ ኩባያውን አገላብጠው አዩት።

«ኩባያውም አብሮ የተሸጠ ነው?» አሉ።

ወደዚያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። «ሰርጓጁን ከማየትሽ በፊት ሥራውን እዪ» ብለው። ከጣቢያው ትይዩ ባለው አትክልት ስፍራ ውስጥ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ባሕር ላይ ለቀሩ የንግድ መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች የቆመ መታሰቢያ አለ። መቃብር የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ግድግዳው ሙሉ በነሐስ የተቀረጸ ስም ነው፤ የመርከቡ ስም ከላይ፣ የሰዎቹ ከሥር። ወጥ ሠሪውም፣ ካፒቴኑም፣ ሞተር ቤት የሚሠራውም ተራ በተራ ሰፍረዋል። አንዳንዱ መርከብ ሥር አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አባትና ልጅ ይሁኑ ወንድማማቾች አይታወቅም።

«አብዛኞቹን የጨረሰው ሰርጓጅ ነው» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «ጀርመኖች ብልሃቱ ገብቷቸዋል። እንግሊዝ ደሴት ናት፤ ስንዴውም ነዳጁም በመርከብ ነው የሚመጣላት። ወታደሯን ከምትገጥሚ ስንዴ ጫኙን ብታሰምጪ በረሃብ እጅ ትሰጣለች። ትንሽ ቀርቷት ነበር እኮ!»

እሳቸው ሲያወሩ ዓይኔ የራሱን ሥራ ይሠራል። መርከቦቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ነው። ከፊደል ፊደል እየተሻገርኩ የኢዮብን መርከብ ስም ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። ዛሬ የሚጓዝን መርከብ በሙታን መዝገብ ላይ መፈለግ እብደት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አላቆምኩም። ስሙ የለም። ሊመስለው ጥቂት የቀረው ግን አለ፣ ሥሩም በስም የተሞላ ነው።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«ምንም። እንሂድ፣ ባቡሩ ያመልጠናል።»

ባቡሩ በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ ነበር።

ከለንደን ብሪጅ ወደ ጊሊንግሃም

ድልድዩን በእግር ተሻግረን ለንደን ብሪጅ ደረስንና የኬንት ባቡር ያዝን። በኬንቲሽ ታውን በኩል የሚመጣው ባቡር ራሱ ነው፤ ሳልቀይር ልሄድበት እችል ነበር። ጋሽ ወርቅነህ በጡረተኛ ካርድ በነፃ የሚሄዱት እስከ ለንደን ዳርቻ ድረስ ብቻ ስለሆነ የቀረውን መንገድ ትኬት ቆረጥንላቸው፤ በዚያም እስከ ግሪኒች አጉረመረሙ። ከዚያ የሸራ ቦርሳቸውን ከፍተው በሚጥሚጣ የተለወሰ የእንቁላል ሳንድዊች አወጡ። ሽታው ሠረገላውን ሞላው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ልጅ መስኮቱን አየችው፤ የሚከፈት አይደለም።

ከዳርትፎርድ በኋላ ቤቶቹ እየሳሱ፣ ቴምዝ እየሰፋ ይሄዳል። ክሬኖች፣ የኮንቴይነር ክምር፣ ከዚያ ዝም ብሎ የተዘረጋ ረግረግ። ስልኬን አወጣሁ። ቀስቷ እዚያው ናት።

«አስቀምጪው» አሉኝ። «ማጥፋታቸው ደግ ነው። ጀርመኖቹን ምን እንደበላቸው ታውቂያለሽ?»

«ቦምብ?»

«ወሬ ነው የበላቸው!» አሉና ከነሳንድዊቹ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰርጓጅ ውኃ ሥር ተደብቆ የሚኖር ይመስልሻል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ላይ ነው የሚሄደው፤ የሚጠልቀው ሲፈራ ወይም ሲያደባ ነው። እና ባሕር ላይ ሆኖ ለአለቃው በሬዲዮ ያወራል። እዚህ ደርሻለሁ፣ ይህን አየሁ፣ ነዳጄ ይህን ያህል ቀረ። አለቃውም ከየብስ ሆኖ የት ደረስክ፣ የት ደረስክ ይለዋል። ምሥጢሩን በቁልፍ ቋንቋ ስለሚያወሩ የሚሰማቸው የለም ብለዋል። እንግሊዞች ግን ቃሉ ባይገባቸውም ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ይለካሉ። ከሁለት ቦታ ከለኩት አለቀ፣ ቦታው ተገኘ። በመጀመሪያው ጦርነት ይህ ደረሰባቸው። በሁለተኛውም ያንኑ ደገሙት። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ!»

ይህን ስለ ዝምታ የሚሰጡትን ትምህርት ከዳርትፎርድ እስከ ግሬቭሴንድ ያለ ዕረፍት ነው የተናገሩት።

«አሸናፊዎቹስ ተማሩ?» አልኳቸው።

«እነሱም ያው ናቸው። የንግድ መርከቦችን ሰብስቦ፣ በጦር መርከብ አጅቦ በቅፍለት ማስኬድ እንደሚያድን የገባቸው ስንት መርከብ ካለቀ በኋላ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የጀርመንን ሰርጓጆች ተረከቡ፣ ሰባበሩ፣ ሁለተኛ እንዳትሠሪ ብለው አስፈረሟት፣ ከዚያ ነገሩን ረሱት። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ መልሶ መጣባቸው። አሁን የምናየው ያኔ ከተረከቧቸው አንዱን ነው።»

በዚህ መካከል ስልኬ ተንጫጫ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ቴሌግራም ነው፤ እኔን በግድ አስገብታኛለች። ብዙ ጊዜ አላነበውም። ዛሬ ግን የወንድሜ ስም ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ቅዱሳን ሆይ፣ አስቸኳይ የጸሎት ርዕስ» ይላል። ከዚያ የኢዮብ ሙሉ ስም። የመርከቡ ስም። የሰቀለው ባንዲራ። የጫነው ዕቃ። ሐሙስ ማታ ባብ ኤል መንደብን ስለሚያልፍ በዚያ ሰዓት በጸሎት ቁሙልኝ። በመጨረሻም «ለሌሎች ወገኖች ሼር አድርጉ» የሚል ተጨምሮበታል። ከሥሩ አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ከአሜኖቹ መካከል «ወደ ፍራንክፈርት ልኬዋለሁ»፣ «የአዲስ አበባ ወገኖችም እየጸለዩ ነው»፣ «ዱባይ ላሉት አድርሻለሁ» የሚሉ አሉ።

ለጋሽ ወርቅነህ ስልኩን ሰጠኋቸው። አንብበው ሳንድዊቻቸውን ጠቀለሉት። እኔ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ምንድነው የለጠፍሽው?»

«አየሽው? ጌታ ይባረክ፣ ስንቱ ሰው ተነሣ መሰለሽ!»

«የመርከቡን ስም ለምን ጻፍሽ? ሐሙስ ማታ ብለሽ ለምን ጻፍሽ?»

«ፓስተራችን ምን ብሎ ያስተምራል? በጥቅሉ ባርከኝ የሚል በጥቅሉ ይባረካል። ጸሎት በስም ነው፣ በቦታ ነው፣ በሰዓት ነው። ‹አንድ መርከብ› ብዬ ልጸልይ?»

«እግዚአብሔር እኮ ቴሌግራም አያነብም፣ እማዬ! የሚያነበው ሌላው ነው! እነሱ እዚያ መብራት አጥፍተው ይሄዳሉ፣ አንቺ እዚህ ሰዓታቸውን ትለጥፊያለሽ!»

እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «ሐሙስ መሆኑን ለእኔ ማን ነገረኝ?» አለች።

የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ኢዮብማ «በመጠኑ» ብሎኝ ነበር። አንዴ መጠየቅ ከጀመረች መጠን የሚባል ነገር የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነው። ንዴቱ ሁሉ ወደ እሷ ተገለበጠ።

«ከአሁን በኋላ ስለ ኢዮብ በስልክ አንዲት ቃል እንዳታወሪ! ሰማሽኝ? ለእኔም ቢሆን! አንዲት ቃል!»

ስዘጋ ሠረገላው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ጋሽ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የባቡሩ ሰው በሙሉ ሰምቶሻል» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ «የእናትሽን የጸሎት ርዕስ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ክፉ ሰው ይህን ሁሉ አሜን አልፎ አይመጣም» አሉ።

እውነት ሊሆን ይችላል። ለራሴም እሱን ስል ነበር። ግን ዱባይ ያለ አንዱ አሜን ባይ ለማን እንደላከው ማን ያውቃል?

ጭቃው

ጊሊንግሃም ወርደን ቁልቁለቱን በእግር ወደ ሜድዌይ ወንዝ ወረድን። ሰርጓጁ የሚታየው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ስለሆነ ከአንድ ባለ ጀልባ ጋር ከቀትር በኋላ ቀጥረን ነበር። ሮይ ይባላል፤ ስልሳ ያለፈው፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ለሁለታችን ስልሳ ፓውንድ ተቀበለንና ነፍስ አድን ጃኬት አለበሰን። የጋሽ ወርቅነህ አልዘጋ ብሎ ካፖርታቸውን አስወለቃቸው።

ወንዙ እዚያ ጋ ወንዝ አይመስልም። ሰፊ፣ አመድማ ውኃ ነው፤ ግራና ቀኙ ጭቃና አረንጓዴ ረግረግ፣ በየቦታው የበሰበሰ ጀልባ። ማዶ ወዳለው ረግረግ ገብተን ጠባቧን የውኃ መንገድ ስንይዝ ስልኬን አየሁ። ኔትወርክ የለም።

«እዚህ አይሠራም» አለ ሮይ። «ወደብ ስንመለስ ይመጣል።»

ለእኔ ይህ የሞት ዜና ነበር። ቢያንስ የቆመች ቀስት እያየሁ ነበር የመጣሁት። አሁን እሷም የለችም። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ ደጋግሜ ስለጠየቅሁት ሮይ መልስ መስጠት ተወ።

ከዚያ ታየን። ዓሣ በልተው ሳህን ላይ ያተረፉትን አጥንት አስቡ። ረዥም፣ ዝገቱ ወደ ጥቁርነት የተለወጠ፣ መካከሉ የተቀደደ፣ ጎንና ጎኑ የብረት ጎድን አጥንት የቀረው ነገር ጭቃው ላይ ጋደም ብሏል። ማማው የለም። አፍንጫው ላይ ሁለት ነጭ ወፎች ቆመዋል። ሮይ ሞተሩን አጠፋና ጀልባዋ ቀስ ብላ ተንሳፈፈች።

«ከጦርነቱ በኋላ ሞተሩን አውጥተው ለፋብሪካ ሸጡት ይባላል» አለ። «ቀፎውን በገመድ ሲጎትቱ አምልጧቸው እዚህ ተሰነቀረ የሚሉ አሉ። ጥለውት ሄዱ የሚሉም አሉ። አያቴ ልጅ ሆኖ ላዩ ላይ ወጥቶ ይጫወት ነበር።»

ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይይዝ እንደነበር ጋሽ ወርቅነህ ሊነግሩኝ ጀመሩና ተዉት። እኔ ያን ያህል ጠባብ ነገር ውስጥ ሰው እንዴት ይተነፍስ እንደነበር ሳስብ ነበር። ታወር ሂል ግድግዳ ላይ ያሉትን ሰዎች ወደ ባሕር ሥር የላካቸው እንዲህ ያለ ዕቃ ነው ብዬ ልጠላው ፈለግሁ። አልቻልኩም። ከሩቅ የሚያስፈራኝ ነገር ቀርቤ ሳየው የወፍ መቆሚያ ሆኗል። ኢዮብን የሚጠብቀው ነገር ግን ጭቃ ውስጥ አይደለም፤ ዛሬ አዲስ ነው፣ ዘይት ተቀብቷል፣ ስሙም ሰርጓጅ አይደለም። ይህን እያሰብኩ ያነሳኋቸው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደበዘዙብኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያንሱልኝ።»

አነሡልኝ። ጣታቸው ጥግ ላይ ገብታለች፤ ግን ሰርጓጁ በደንብ ይታያል።

መመለሻ

ወደቡ ጋ ስንደርስ ስልኬ ነፍስ ዘራ። እናቴ ደጋግማ ደውላለች። ጓደኛዋ እህት ወይንሸትም ደውላለች፤ እሷ እኔ ጋ ደውላ አታውቅም። ከሥሩ ከእህት ወይንሸት መልእክት፤ «ሜሮንዬ፣ የት ነሽ? ቶሎ ወደ ቤት ነይ።»

ደወልኩ። እናቴ አነሳችው። ከጀርባዋ ብዙ ሰው አለ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች።

«እማዬ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ነይ።»

«ኢዮብ ደወለ?»

«በስልክ አይወራም። ነይ ብቻ።»

«ደህና ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ!»

«ምግብ በልተሻል?» አለችኝ።

መርዶ የሚባለውን ልማድ ለምታውቁ ማብራራት አያስፈልገኝም። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ መርዶ የሚነገረው ሰው ሳያውቅ ቤት እንዲደርስ ይደረጋል፣ ባዶ ሆዱን እንዳይሰማም ምግብ መብላቱ ይጠየቃል። አባቴ ሲሞት ለእኔ እንዲሁ ነው የተደረገው፤ «ዝም ብለሽ ነይ፣ በልተሻል?» ተብዬ።

«ሰው ተሰብስቧል?» አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ።

«አዎ።»

ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉት።

ባቡሩ ሮቸስተርን አለፈ፣ ግሬቭሴንድን አለፈ። እንዲህ ያለ ቀርፋፋ ባቡር አይቼ አላውቅም። ዛሬ ገና ረቡዕ ነው፣ የሚያልፈው ነገ ነው እላለሁ። መልሼ ደግሞ ቢያስቀድሙትስ? ጽሑፉን አንብቦ የጠበቃቸው ሰው ቢኖርስ? እናቴ ጋ መልሼ እደውላለሁ፣ «ነይ» ትለኛለች፣ ትዘጋለች። ዜና እከፍታለሁ፣ ስለ መርከብ ምንም የለም፤ የለም ማለት አደጋ አልደረሰም ማለት ይሁን ወይም ገና አልተሰማም ማለት፣ አላውቅም። ጋሽ ወርቅነህ ቀኑን ሙሉ ስለ ዝምታ ሲሰብኩ ውለው አሁን እውነተኛ ዝምታ ዝም ሲሉ፣ እባክዎ ያውሩ ብዬ ልለምናቸው ምንም አልቀረኝ።

ለንደን ብሪጅ ደረስን። ለስትሪትሃም እዚያ ወርደው መቀየር ነበረባቸው። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። አልተነሡም።

«ጋሼ፣ እዚህ አይደለም የሚወርዱት?»

«ቤትሽ ድረስ ላድርስሽ» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ።

እሳቸውም እንደኔ ማሰባቸውን ያን ጊዜ ተረዳሁ። እንባዬ መጣ።

ኬንቲሽ ታውን

የምንኖርበት የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ፎቅ ሊፍት እንደተለመደው ተበላሽቷል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የወጣሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም። በራችን ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የሴቶች ጫማ፣ ከበሩ እስከ ጎረቤት ምንጣፍ ድረስ። ከውስጥ ለቅሶ አይሰማም። ለቅሶው እኔን እየጠበቀ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ወርቅነህ ከኋላዬ ክንዴን ያዙኝ። በሩን ገፋሁ።

ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ሶፋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። እናቴ መካከል ላይ ናት። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«መጣሽ? ግቢ፣ ተቀመጪ» አለች። «ፍራንክፈርት ብቻ ቀርቶናል።»

አንገታቸውን የደፉት ስልካቸው ላይ ነበር።

ከስልኩ ጭቅጭቅ በኋላ እናቴ ቁጭ ብላ አሰበች። ጽሑፉን ከቡድኑ ብታጠፋው የተላከው ተልኳል። ስለዚህ ያስተላለፉትን እናቶች ሁሉ ወደ ቤት ጠራች፤ በስልክ አታውሪ ስለተባለች፣ ለምን እንደጠራቻቸው እንኳ የነገረቻቸው በሩን ዘግታ ነው። አሁን እያንዳንዳቸው የላኩበትን እየፈለጉ ያጠፋሉ፣ ላኩልኝ ያሏቸውን እየደወሉ ያስጠፋሉ። እህት ወይንሸት ጥግ ይዛ ፍራንክፈርት ካለች ሴት ጋር ትከራከራለች።

«ዲሊት አድርጊው፣ የኔ እመቤት። ለምን አትበዪኝ። ለምን እንደሆነ አልነግርሽም አልኩሽ! ለማን ለማን ላክሽው? እነሱንም አስደምስሻቸው። አዎ፣ ጸሎቱ ይቀጥላል፤ ጽሑፉ ነው የሚቆመው!»

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ቀጥሎ የጋሽ ወርቅነህን ፊት አየች፣ ያን ጊዜ ገባት።

«ውይ በሞትኩት! መርዶ መስሏችሁ ነው?» ብላ አጠገቤ ተንበረከከች። «በስልክ አንዲት ቃል አትናገሪ አላልሽኝም እንዴ? ለእኔም ቢሆን አላልሽኝም? ታዲያ ምን ልበልሽ፣ ልጄ? መብላትሽን ጠየቅሁሽ።»

ፍራንክፈርት ካለቀ በኋላ ለጸሎት ተነሡ። እናቴ ስትጸልይ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፤ ያን ቀን ግን ድምፅዋ ከእኔ አልፎ አልሄደም።

«ጌታ ሆይ፣ ያንን ልጅ አንተ ታውቀዋለህ። ስሙን ታውቃለህ። ያለበትን ታውቃለህ። ሰዓቱን ታውቃለህ። እኛ አንናገርም።»

ሌላ አልጨመረችም። ጋሽ ወርቅነህ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከጴንጤ ጋር ቆሜ አልጸልይም እያሉ ከእናቴ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው አሜን የእሳቸው ነበር።

የመንገድ ማስታወሻ ሲያልቅ ምን ተማርሽ ይባላል። ያ ጽሑፍ ለኢዮብ አደጋ ነበር ወይስ አልነበረም፣ አሁንም አላውቅም፤ የማውቅበት መንገድም የለኝም። ጀርመኖቹም በወሬያቸው መገኘታቸውን እንዲሁ ሳያውቁ ነው የሰመጡት። የተማርኩት የራሴን ነው። ሰውን የምንወድበት መንገድ፣ የት ደረስክ እያልን ዱካውን የምንከታተልበት፣ አንዳንድ ባሕር ላይ ለሌላው መንገድ ያሳያል። ዝምታን መቻል ደግሞ ከባድ ነው። ከዚያ ረቡዕ በኋላ ባሉት ቀናት ቀስቷን ከስልኬ ላይ አጠፋኋት፤ ማታ ማታ ግን እጄ የነበረችበትን ቦታ ይነካል።

አንድ ጠዋት ለሥራ ስለባብስ ስልኩ ጮኸ።

«ሜሪ! ወጣሁ» አለ ኢዮብ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከኋላው ሞተር ይሰማል። «ፎቶው የታለ?»

የጋሽ ወርቅነህ ጣት ያለባትን ላክሁለት። ሲስቅ ሰማሁት። እናቴ ከወጥ ቤት በእርጥብ እጇ እየሮጠች መጥታ ስልኩን ነጠቀችኝ። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። አፏን ከፈተች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠየቀችው ጥያቄ ምላሷ ላይ ሲመጣ አየሁት። እኔን አየችኝ። አፏን ዘጋች።

«በላህ፣ ልጄ?» አለችው።